መመለስ የሚቻልበት በረሃ

፩

በቋንቋችን «እገሌ በረሃ ገባ» ሲባል ሰሚው ወዲያው «ምን ደረሰበት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እንዴት ደስ ብሎታል!» አይልም። በረሃ የሚገባው ሸፍቶ ነው፤ መንኖ ነው፤ ነግዶ ነው፤ ተሰዶ ነው። ሽፍታው ከሕግ ወይም ከግፍ ይሸሻል፤ ባሕታዊው ከዓለም ይሸሻል፤ ሲራራ ነጋዴው ትርፍ፣ ስደተኛው እንጀራ ይፈልጋል። በዚያው በረሃ ተወልዶ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የሚኖረው አርብቶ አደር ግን «በረሃ ገባሁ» ብሎ አያውቅም፤ ለእርሱ በረሃው ቤቱ ነውና። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለመዝናናት ብሎ በረሃ የገባ ሰው በአሮጌው አነጋገራችን ውስጥ ስፍራ አልተሰጠውም።

ሆኖም በዘመናችን እንዲህ ያለው ሰው በዓለም ላይ እየበዛ ሄዷል። የዓመት ዕረፍቱን ጠብቆ፣ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ፣ ውሃውን በጀርባው አዝሎ፣ ፀሐይና አሸዋ ወዳለበት ምድር በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል። ደክሞት፣ ጠምቶት፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ይመለሳል። ሲመለስም «ዐረፍሁ» ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ እኔና ባለቤቴም ይህንኑ አድርገናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዞ ማስታወሻ ማቅረብ አይደለም፤ ከጉዞው የተወለደ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። አንዱ ተገድዶ የሚሞትበትን መከራ ሌላው ወድዶ መዝናኛው ሲያደርገው፣ ይህ ተግባር በሕሊና ፊት እንዴት ይታያል? ነውር ነውን? ወይስ ማንንም የማያስጠይቅ የግል ጉዳይ ነው? ጥያቄው የሀብታም አገር ሰዎች ጥያቄ ይመስል ይሆናል። እኛን ግን የሚነካን በሁለት በኩል ነው፤ ከሕዝባችን መካከል በረሃ ቤቱ የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ በረሃ መቃብሩ የሆነም ብዙ ሰው አለ።

፪

የባለቤቴ ታላቅ እኅት የምትኖረው በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ በላስ ቬጋስ ከተማ ነው። ከተማይቱ በታክሲ ነጂነት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት። ለዓመታት ስትጋብዘን ቆይታ በመጨረሻ ቀናንና ሄድን። ከሦስቱ ሳምንት ውስጥ ዐሥሩን ቀን ለእግር ጉዞ የመደበችው ባለቤቴ ናት። እርሷ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትሥለው የኖረችውን የምድር ገጽ በእግሯ ልትረግጠው ፈለገች። እኅቷ ግን ነገሩን ስትሰማ «ውይ! ከአፍሪቃ ድረስ የመጣችሁት በረሃ ልታዩ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሣቋ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በመጀመሪያ የሄድነው ከላስ ቬጋስ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቆ ወደሚገኘው፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ወሰን ላይ ወደተዘረጋው ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስሙ «የሞት ሸለቆ» ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ሲጓዙ መንገድ ስተው የገቡበት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 በዚህ ሸለቆ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በዓለም የአየር ጠባይ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ከፍተኛው ሆኖ ይገኛል። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ባድዋተር በሚባለው ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከባሕር ወለል 86 ሜትር በታች፣ ምድሩ ጨው ነው። ዓይን እስኪያይበት ድረስ ነጭ ነው።

ባለቤቴ በጨው ላይ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመችና «የእኛው ዳሎል ከዚህ በታች ዝቅ ይላል እኮ» አለች። እውነቷን ነው። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሆኖ፣ ሰው ከኖረባቸው ስፍራዎች ሁሉ የበለጠ ሞቃት መሆኑ ታውቋል። እርሷ ይህን ቁጥር ለስንት ትውልድ ተማሪ አስጽፋለች። ግን ሁለታችንም ዳሎልን በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ውቅያኖስ ተሻግረን የሰው አገር ጨው ልናይ መጣን፤ የአገራችንን ጨው የምናውቀው ከወጥ ቤት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በዚያን ጊዜ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር፤ በዳሎል አካባቢ ጨው ይቆረጣል፤ በዴዝ ቫሊ ጨው ፎቶግራፍ ይነሣል። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ሠራተኛው የጨውን ንጣፍ በመጥረቢያ እየሰነጠቀና በእንጨት እየፈነቀለ፣ አሞሌውን አስተካክሎ ጠርቦ በግመልና በአህያ ይጭናል። አሞሌው ለብዙ ዘመን በገበያችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ሰው የሚለፋበትን ስፍራ ደግሞ ለመዝናኛነት ማንም አያስበውም።

በሞት ሸለቆውም ቢሆን እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1889 ድረስ ከዚያ ቦራክስ የሚባለው ማዕድን ይወጣ ነበር። ከሸለቆው ወለል ላይ ማዕድኑን በጠራራ ፀሐይ እየፋቁ የሚሰበስቡት ቻይናውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ «ሃያ በቅሎ» የሚባለው የተቀጣጠለ ሠረገላ እስከ ባቡር ጣቢያው 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎትተዋል። ዛሬ የፋብሪካው ፍርስራሽና ሠረገላው ለጎብኚ ይታያሉ። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው አንድ ምድር «ውብ ነው» መባል የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ላብ ከደረቀ በኋላ መሆኑን ነው። ይህን ስል ጨው ቆራጩ ውበት አይታየውም ማለቴ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ በጨው ላይ ቆመን የተነሣነውን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሟ በስልክ ላከችለት። መልሱ የመጣው በማግሥቱ ነበር። «ደስ ይላል» አላለም። «የት ነው?» አላለም። «በምትሄዱበት መንገድ ስትፈልጉ መመለስ ትችላላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ።

፫

ይህ ወጣት በ2008 ዓ.ም. ከቤት ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ የባሕር ዳርቻ የሄደ ነው። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ተሻግሮ፣ ታስሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ዛሬ እንጨት ሥራ ላይ ነው፤ የሚሠራቸው ወንበሮች ጠንካሮች ናቸው። ስለ በረሃው ብዙ አይናገርም። ከተናገረው ጥቂት ነገር ውስጥ ሦስቱን አስታውሳለሁ። ውሃው የሚያዘው በደላላው እጅ ነበር። ወደ ኋላ የቀረ ሰው አይጠበቅም ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «ከኋላችን ያለው መንገድ ከፊታችን ካለው ይረዝም ነበር» ያለው ነው።

ይህ አባባል መጀመሪያ ሲሰማ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሁለት ቀን የተጓዘ ሰው ለመመለስ ሁለት ቀን ይበቃው ነበር። ይሁን እንጂ ከኋላው ያለው አሸዋ ብቻ አልነበረም። ለጉዞው የተሸጠው በሬ ከኋላው አለ፤ ከዘመድ የተበደረው ገንዘብ ከኋላው አለ፤ «ልጄ ሄደልኝ» ብላ ለጎረቤት የተናገረች እናት ከኋላው አለች። ወደ ፊት የሚገፋው ተስፋ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። የመመለሻውን በር የዘጋው በረሃው አይደለም፤ ኑሮው ነው።

እንግዲህ በፈቃዱ በረሃ የገባውንና ተገድዶ የገባውን ሰው የሚለያያቸው ምንድን ነው? የሰውነት ድካም አይደለም። ፀሐይ የማንንም ፓስፖርት አትጠይቅም፤ ጥም ለጎብኚው ለስላሳ፣ ለስደተኛው ጽኑ አይሆንም። ድፍረትም አይደለም። የሚለያያቸው የመመለስ ሥልጣን ነው። ለጎብኚው መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ካርታ በእጁ ነው፤ የፓርኩ ጠባቂ መንገዱን ይቃኝለታል፤ ሥራው፣ አልጋው፣ ስሙ በቦታቸው አሉ። ስለዚህ እርሱ የሚቀምሰው የበረሃን ግማሽ ነው። ግማሹም ሐሰት አይደለም፤ ድካሙ እውነተኛ ድካም፣ ደስታውም እውነተኛ ደስታ ነው። ግን ግማሽ መሆኑን ረስቶ «በረሃን አወቅሁት» ካለ ያን ጊዜ ስሕተት ይጀምራል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ። የመጀመሪያው ከበረሃ መመለስ ይችላል፤ ሁለተኛው ከበረሃ መመለስ አይችልም፤ ሦስተኛው ወደ በረሃው መመለስ የተከለከለ ነው። እርሱም ባለአገሩ ነው።

በሞት ሸለቆ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ስማቸው በአካባቢው ከሚገኘው፣ ለቀለም ከሚያገለግለው ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ ነው። በቀዝቃዛው ወራት በሸለቆው ወለል፣ በሙቀቱ ወራት በተራራው ላይ ይኖሩ ነበር። እነርሱ «ሞት» አላሉትም፤ አገራቸው ነበርና። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ሸለቆውን ጥብቅ ስፍራ ሲያደርግ ግን እነርሱን ከቁጥር አላስገባቸውም። በአንዲት አነስተኛ መንደር ተሰብስበው እንዲኖሩ ተደረገ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ፣ ነዋሪው እንደ ልማዱ ከሙቀቱ ሽሽት ወደ ተራራ ሲወጣ፣ ባዶ የቀረው የጭቃ ጡብ ቤት በውሃ ግፊት እየታጠበ ፈረሰ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ በማያገኝ አገር ቤት ለማፍረስ ውሃ ተገኘ። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ሕጋዊ እውቅና አገኘ፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ከ3,000 ሄክታር በላይ መሬት ተመለሰለት።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የጸደቀው የአሜሪካ የዱር ምድር ጥበቃ ሕግ የዱር ምድር ማለት ሰው እንግዳ ሆኖ የሚመጣበት፣ መጥቶም የማይቀመጥበት ምድር ነው ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህ ሕግ ብዙ ተራራና ሸለቆ ከመንገድ ሥራና ከማዕድን ቁፋሮ መትረፉን መካድ አይገባም። ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጎብኚው ጠባይ የመላው የሰው ልጅ ጠባይ ተደርጎ ተወሰደ። በዚያ ተወልዶ የኖረው ሰው በምን ስም ይጠራ? እንግዳ ነው እንዳይባል ባለቤት ነው፤ ባለቤት ነው እንዳይባል ሕጉ አያውቀውም።

ጣታችንን ወደ ሌላ ከመቀሰራችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታውጇል። ሳላውን፣ የፈንታሌን ተራራና የፍል ውሃውን ምንጭ ለመጠበቅ የተደረገው ጥረት የሚያስመሰግን ነው። ያ ምድር ግን ለከረዩ ኦሮሞና ለአፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽና የውሃ ስፍራ ነበር። ከብቱን ነድቶ የመጣው ባለአገር በአባቱ መስክ ላይ «ሕገ ወጥ» ተባለ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሄደው እንደ እኔ ያለው ሰው ደግሞ በሩ ላይ ከፍሎ ሲገባ «እንኳን ደኅና መጡ» ተባለ። ሳላውም፣ ከብቱም፣ ሰውየውም የሚኖሩበትን መላ መፈለግ ከባድ ሥራ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ስፍራው ባዶ እንዳልነበረ ማመን ነው።

፬

ከሞት ሸለቆ በኋላ ወደ አሪዞና ግዛት ተሻግረን ግራንድ ካንየን ደረስን። የኮሎራዶ ወንዝ ምድሪቱን እየቆረሰ 1,600 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ገደል ሠርቶባታል። ባለቤቴ ከአፋፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ዓባይ በረሃ ነው» አለች። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል።

የዚህ ዓይነቱ ስፍራ ፈተናው የተገለበጠ መሆኑ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ሳይደክም ይወጣና ደክሞት ይወርዳል፤ ሲደክመው ወደ ቤቱ የሚያወርደው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ገደል የሚወርድ ሰው ግን ጉልበቱ ሙሉ ሳለ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሲደክመው ዳገቱ ይጀምራል። የፓርኩ ጠባቂዎች መውረድ በፈቃድ፣ መውጣት ግን ግዴታ መሆኑን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። በአንድ ቀን እስከ ወንዙ ወርዶ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ሕይወቱን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ በመንገዱ ላይ በተተከሉ ሰሌዳዎች ተጽፏል። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በነፍስ አድን ሠራተኞች እርዳታ ይወጣሉ።

ከመነሣታችን በፊት ባለቤቴ ውል አስገባችኝ። ከጧቱ አንድ ሰዓት እንነሣለን፤ አራት ሰዓት ሲሞላ የትም ብንሆን እንመለሳለን፤ ለመውረድ አንድ እጅ፣ ለመውጣት ሁለት እጅ ጊዜ ያስፈልጋልና። እኔም «ይሁን» አልሁ። ብራይት ኤንጀል በሚባለው መንገድ፣ በመጠምዘዣው ላይ እየተጠማዘዝን ወረድን። ዐለቱ በየደረጃው ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ነጭ ነበር፣ ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነካው። ባለቤቴ የእያንዳንዱን ንጣፍ ዕድሜ ትነግረኛለች፤ እኔ በልቤ ስንኝ እቋጥራለሁ። ደስተኞች ነበርን።

አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከአፋፉ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን፣ ዛሬ ሐቫሱፓይ ጋርደንስ ከሚባለው ምንጭ ደረስን። ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ውሃ ይፈስሳል። እስከ ወንዙ የቀረው ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። እኔም ውሌን ረሳሁ።

«ይህን ያህል መጥተን ወንዙን ሳናይ ልንመለስ ነው?» አልኋት።

«አራት ሰዓት ሆኗል» አለችኝ።

«ውሃ እንደሆነ እዚህ ቧንቧ አለ፤ እንቀዳለን።»

«ውሃውን ከቧንቧ ትቀዳለህ፤ ጉልበትህንስ ከየት ትቀዳዋለህ?»

ተናደድሁ። «ፈርተሻል» አልኋት፤ ሰው የሚወደውን ሰው ሊያቆስል ሲፈልግ እንደሚለው።

«አዎን፣ ፈርቻለሁ» አለች። «የመጣሁትም ፈርቼ መመለስ ስለምችል ነው። ወንድሜ ፈርቶ እንኳ መመለስ አልቻለም።»

ከዚህ በኋላ የምናገረው አልነበረኝም። ተመለስን።

ዳገቱን ሁለት ሰዓት ያህል እንደወጣን የቀኝ እግሬ ባት ይሸመቅቅ ጀመር። ቁጭ ብዬ እነሣለሁ፤ ጥቂት ሄጄ እንደገና እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ትቀድም ነበር፤ ግን በየመጠምዘዣው ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድም ጊዜ «አላልሁህም ነበር?» አላለችኝም። ወንዙ ድረስ ወርጄ ቢሆን ኖሮ ከነፍስ አድን ሠራተኞች ዕጅ እወድቅ እንደነበር አልጠራጠርም። አፋፉ ላይ የደረስነው ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። የወረድነው በእኔ እርምጃ ነበር፤ የወጣነውም በእኔ እርምጃ ነው፤ ልዩነቱ ሲወርድ ፈጣኑ፣ ሲወጣ ደካማው እኔ መሆኔ ነው።

ማታ ላይ ደግሞ የተመለስንበት ምንጭ ታሪክ ምን እንደሆነ አነበብሁ። ያ ስፍራ የሐቫሱፓይ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ እህል የሚዘሩበት፣ ውሃ የሚጠጡበት ቦታ ነበር። ግራንድ ካንየን እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላ፣ በ1928 የመጨረሻው ነዋሪ ከዚያ እንዲወጣ ተገደደ። በ1975 በወጣ ሕግ ለሕዝቡ በሌላ በኩል 75,000 ሄክታር ያህል መሬት ተመለሰለት፤ የምንጩም ስፍራ የእነርሱን ስም ያገኘው በ2022 ነው። እኔ አንድ ቀን ወንዝ ሳላይ በመመለሴ የተናደድሁት፣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ በተደረገበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ኖሯል።

፭

እስከዚህ የተከተለኝ አንባቢ «እንግዲያው በረሃ ለመዝናናት መሄድ ነውር ነው ማለትህ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ዕረፍት ለሰው ልጅ ትርፍ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. የጸደቀው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማንኛውም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። መብቱም በሠራተኞች ረጅም ትግል የተገኘ እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ከቤታችን ባንወጣ ኖሮ በኦቦክ መንገድ ላይ የሚጠጣው ውሃ በአንድ ጠብታ አይጨምርም ነበር። ደስታን በመተው ብቻ ፍትሕ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ራስን የማጽደቅ ኩራት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ውበትን ማየት የባለጸጋ ንብረት አይደለም። ይህን ያስተማረኝ ያው እንጨት ሠሪ ወጣት ነው። ከተመለስን በኋላ አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በጅቡቲ የአሳልን ጨው ሐይቅ ያለፉት ሌሊት እንደነበረ ነገረን። «ጨረቃ ነበረች። ጨው ሐይቁ ያምር ነበር። ማማሩ ግን ያናድደኝ ነበር» አለ። ከዚያ ሌላ አልጨመረም። እንግዲህ ውበቱን አይቶታል፤ ከእኔ አሳንሶ አላየውም። የጎደለው ዓይን አይደለም፤ ቆሞ የማየት ነፃነት ነው። ከዚህ የተነሣ ክርክራችን ለአንዱ የተከፈተውን በር ለመዝጋት ሳይሆን፣ በሩ ለሁሉም የሚከፈትበትን መንገድ ለመፈለግ መሆን አለበት። ማንም ሰው በረሃ ሲገባ፣ ለእንጀራም ይሁን ለዕረፍት፣ ከፈራ የሚመለስበት መንገድ ከኋላው ሊኖር ይገባል። ይህ ደግሞ በጸሎትና በምኞት የሚገኝ አይደለም። በአገር ውስጥ በሚገኝ ሥራ፣ ደላላው የማያዝዝበት ሕጋዊ የጉዞ መንገድ በመክፈት፣ ባዶ እጁን የተመለሰውን ልጅ በማያሳፍር ኅብረተሰብ የሚገኝ ነው።

ስለዚህ በፈቃዱ የሚጓዘው ሰው ነውረኛ አይደለም፤ ባለዕዳ ግን ነው። ዕዳውም ሦስት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ዕዳ የስፍራውን ባለቤት ማወቅ ነው። ይህ በተለይ እኛን ባለቅኔዎችንና ጸሐፌ ተውኔቶችን ይመለከታል። በግጥሞቻችን ውስጥ «በረሃ» የባዶነት፣ የመካንነት፣ የተስፋ መቁረጥ ምሳሌ ሆኖ ስንት ጊዜ አገልግሏል! ፍቅሩን ያጣ ሰው «ልቤ በረሃ ሆነ» ብሎ ሲያለቅስ በመድረክ ላይ ያቆምሁት እኔ ራሴ ነኝ። ግመሉን የሚያጠጣበትን ጉድጓድ፣ ጥላ የሚያገኝበትን ግራር አንድ በአንድ የሚያውቅ የአፋር እረኛ ይህን ተውኔት ቢያይ ምን ይል ይሆን? ምናልባት «ልብህ በረሃ ከሆነማ ሀብታም ነህ» ይለኝ ነበር። ምሳሌ ስንመርጥ የማንን ቤት ባዶ እንዳልን እንወቅ።

ሁለተኛው ዕዳ የመመለስን መብት በአግባቡ መጠቀም ነው። መመለስ የሚችል ሰው በእልህ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሌላው ያጣውን ሀብት ይበትናል። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ፍጥነታቸው የደካማው ፍጥነት ነው። ደካማው ማን እንደሚሆን ጧት ላይ አይታወቅም፤ እኔ ብርቱው ነኝ ብዬ ወርጄ ነበር። ይህ ሕግ በባልና ሚስት መካከል ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም። ወደ ኋላ የቀረው የማይጠበቅበት ጉዞ፣ መድረሻው የትም ቢሆን፣ የደላላ ጉዞ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ለሚከተለው መንገደኛ ውሃ መተው ነው። በዚያው በአሪዞና ግዛት፣ በደቡቡ ጫፍ በሜክሲኮ ወሰን፣ ኦርጋን ፓይፕ የሚባል በትልልቅ ቁልቋሎቹ የታወቀ ሌላ የተጠበቀ በረሃ አለ። እዚያም ሰው ለሽርሽር በእግሩ ይሄዳል። በዚያው ምድር ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወሰን የሚሻገሩ ስደተኞች በሌሊት ያልፋሉ። በደቡብ አሪዞና በረሃ ውስጥ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል። ይህን ያዩ በጎ ፈቃደኞች በረጅም ዘንግ ላይ ሰማያዊ ባንዲራ እያውለበለቡ ከሥሩ የውሃ በርሜል ያስቀምጣሉ፤ የተጠማ ሰው ከሩቅ እንዲያየው ነው። በሰሜን ለእኔ በቧንቧ የተዘረጋልኝ ውሃ በመንግሥት በጀት ነው፤ በደቡብ በበርሜል የሚቀመጠው በበጎ ፈቃደኞች ልፋት ነው። አንድ ግዛት፣ አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ዓይነት ውሃ። በርሜል የምንሸከም ሁላችን ላንሆን እንችላለን። ግን መምህሩ በክፍሉ፣ ባለሥልጣኑ በጽሕፈት ቤቱ፣ ከያኒው በመድረኩ፣ የተጠማ ሰው ከሩቅ የሚያየው አንድ ምልክት መትከል አያቅተውም።

ባለቤቴ ተማሪዎቿን ወደ አዋሽ ለመውሰድ አስባለች። ሳላውንና ፏፏቴውን እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን፣ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ካሉት የከረዩና የአፋር ሽማግሌዎች ዘንድ ተቀምጠው ስለዚያ ምድር እንዲጠይቁም ትፈልጋለች። ወንድሟን አብሮ እንዲሄድ ለምናዋለች፤ በረሃ ውስጥ ስለ ውሃ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። እስካሁን መልስ አልሰጠም። እኛም አላስቸኮልነውም። ይህን መንገድ ሊሄድበትም፣ ከግማሹ ሊመለስበትም፣ ጨርሶ እምቢ ሊለውም መብቱ ነው።